ስሪንጁን ማን ይመርምር? ለመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለመድኃኒት ጥራትና ደህንነት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፣
ለጥራት ምርመራ ላቦራቶሪዎች፣
በየትኛውም አገር ላላችሁ፣

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ አንድ ጥያቄ መመለስ ስላቃተኝ ነው። ፋርማሲስት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ጥያቄ ስመልስ ነው የምውለው። ይሄኛው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

አንድ ቀን አንድ አዛውንት መጡ። ከኮታቸው ኪስ የፕላስቲክ ስሪንጅ አውጥተው ፊቴ አስቀመጡት። መርፌ የለውም። በአፍ የሚሰጥ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና የላቆጠ ነገር የተሞላበት ነው። ላዩ ላይ የፈረስ ሥዕል አለ። የፈረስ የትል መድኃኒት ነው። ግማሹ አልቋል።

“ፈረስ አለዎት?” አልኳቸው።

“የለኝም” አሉኝ። ፈገግ እንኳ አላሉም።

የለመድኩትን ንግግር ጀመርኩ። ይሄ የእንስሳት ነው፣ ለሰው አልተፈቀደም፣ አደጋ አለው፣ ሐኪም ያማክሩ... እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

“ልጄ፣ እሱን ሰምቻለሁ። ልጆቼም በየቀኑ ይሉኛል። እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ነገር በእርግጥ ውስጡ አለ ወይ? ሌላስ ምን አለበት? ይሄን መርምሮ የሚያውቅ ሰው አለ?”

ዝም አልኩ። ምን ልበላቸው? በሰው ኪኒን ቢሆን መልስ ነበረኝ። በዚህ ግን አልነበረኝም።

ስልክ አነሳሁ። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልናገርም። ብናገርም ጥቅም የለውም፤ ሌላ ቦታ ብደውል ኖሮ መልሱ የሚለወጥ አይመስለኝም። የሰው መድኃኒት ክፍል “ይሄ የእንስሳት ነው፣ ወደዚያ ደውል” አለኝ። የእንስሳት መድኃኒት ክፍሉ ደግሞ “ለእንስሳ ተመዝግቧል፣ ለእንስሳ ጥራቱ ታይቷል፣ ሰው ከወሰደው እኛን አይመለከትም” አለኝ። እንደ ኳስ ተቀባበሉኝ። ሁለቱም በመመሪያቸው መሠረት ትክክል ነበሩ። የሚያናድደውም እሱ ነው። ሁለቱም ትክክል ሆነው ሰውዬው ግን ከሁለት ያጣ ሆኑ።

ይህ ደብዳቤ ስለዚያ ክፍተት ነው። ሰዎች የእንስሳት መድኃኒት እየወሰዱ ነው። እንዲወስዱ አልፈልግም፤ ይህን ለማንም አልደብቅም። ግን እየወሰዱ ያሉትን ነገር ማንም ሰው ከሚወስደው አንጻር አይመረምረውም። እንድትመረምሩት እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። “መድኃኒቱ አንድ ነው” ሲሉ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የትል መድኃኒት የሆነውን አይቨርሜክቲንን ተመልከቱ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መነሻው ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ ከአፈር ያገኙት ባክቴሪያ ነው። ዊልያም ካምቤል በሜርክ ኩባንያ ውስጥ ወደ መድኃኒትነት ያደረሰውን ሥራ መሩ። በ1981 ለእንስሳት ገበያ ላይ ዋለ። ለሰው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። በ1987 ኩባንያው የወንዝ ዳር ዕውርነት ለሚያሰጋቸው ሰዎች በነጻ ለመስጠት ቃል ገባ። ሁለቱ ሳይንቲስቶች በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። እንግዲህ ከብት ቀድሞ ሰው የተከተለበት መድኃኒት ነው። ይህን ያነበበ ሰው “ታዲያ ምን ልዩነት አለው?” ቢል እንዴት እንፈርድበታለን?

በኮቪድ ጊዜ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ከወረርሽኙ በፊት በሳምንት 3,600 ገደማ የነበረው የአይቨርሜክቲን የሐኪም ማዘዣ በነሐሴ 2021 ከ88,000 አለፈ። ይህ ለሰው የተሠራው ነው። ማዘዣ ያላገኘው ወደ እንስሳት መደርደሪያ ሄደ። በሐምሌ 2021 ለመርዝ መረጃ ማዕከላት የሚደወለው ስልክ ከቀድሞው አምስት እጥፍ ሆነ። አንድ ሰው ለከብት የተሠራውን የመርፌ መድኃኒት ጠጣ። ሐሳቡ ተምታታ፣ የሌለ ነገር ታየው፣ ተንቀጠቀጠ። 9 ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ዳነ። ይህን የመዘገበው የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ነው። በኋላ የወጡት ትልልቅ ጥናቶች መድኃኒቱ ለኮቪድ እንደማይረዳ አሳዩ።

የተቆጣጣሪው መልስ ምን ነበር? የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በማኅበራዊ ሚዲያ “ፈረስ አይደላችሁም፣ ላምም አይደላችሁም” የሚል መልእክት ለጠፈ። ሰው ሳቀ፣ አጋራው። የተሳቀበት ሰው ግን ምን ተሰማው? ንቀት ተሰማው። ከዚያ ወዲያ የምትሉትን ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2024 መሥሪያ ቤቱ ጽሑፎቹን ለማንሳት ተስማማ። እኔ በበኩሌ ክርክሩን ማን አሸነፈ የሚለው አያሳስበኝም። ያ ሁሉ ጫጫታ ሲያልፍ ስሪንጆቹ ውስጥ ያለው ነገር ሰው ለሚወስደው ይሆን እንደሆነ ሲታይ አለመስማቴ ነው የሚገርመኝ።

ደግሞ አይቨርሜክቲን ብቻ አይደለም። በ2019 ደቡብ ኮሪያ ውስጥ የካንሰር ሕሙማን ፌንቤንዳዞል የሚባለውን የውሻ ትል መድኃኒት ፍለጋ ወጡ፤ የመንግሥት አካላት እንዳይወስዱት አስጠነቀቁ። ጃፓን ውስጥ የሳንባ ካንሰር ያለባቸው የ80 ዓመት ሴት በማኅበራዊ ሚዲያ ያዩትን አምነው ይህንኑ ወሰዱ። ጉበታቸው ተጎዳ። ሲያቆሙ ጉበቱ ተመለሰ፤ እጢው ግን አልቀነሰም። የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው በ2021 ነው። ሌላው ደግሞ የጌጥ ዓሣ ገንዳ ውስጥ ለሚጨመር ተብሎ የሚሸጠውን አንቲባዮቲክ ይውጣል። ምክንያታቸው ይለያያል። ሐኪም ቤት መሄድ የማይችል አለ። ሐኪም ያላመነው አለ። ተስፋ የቆረጠ አለ። ይህ ሦስተኛው ሰው ማስጠንቀቂያ አይሰማም፣ አትልፉ።

አሁን ወደ ስሪንጁ ልመለስ።

የተለመደው የፈረስ ስሪንጅ 6.08 ግራም ይይዛል። ከዚህ ውስጥ መድኃኒቱ 1.87 በመቶ ነው። አባዙት፤ ወደ 114 ሚሊግራም አይቨርሜክቲን ይሆናል። ለአንድ 567 ኪሎ ፈረስ ነው የተሰላው። ሰው ለአንዳንድ የትል በሽታዎች የሚሰጠው በኪሎ 200 ማይክሮግራም ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ሚሊግራም ይበቃዋል። ስሪንጁ ከዘጠኝ ሰው በላይ የሚሆን ይዟል ማለት ነው። መግፊያው ላይ ያሉት ምልክቶችም በብዛት የተሰመሩት በየ113 ኪሎው ነው። የመጀመሪያዋ ምልክት ራሷ ለዚህ ሰው እጥፍ ገደማ ናት። ስለዚህ ሰዉ በዓይን ይገምታል። “የአተር ፍሬ ያህል” ይባባላሉ።

እዚህ ላይ ማንም የማያነሳው ነገር አለ። ትልቅ ፈረስ ስሪንጁን አንዴ ይውጠዋል። መድኃኒቱ በጫፉ በኩል ቢበዛ፣ በሥሩ በኩል ቢያንስ፣ ለእሱ ለውጥ የለውም። ድምሩ ያው ነው። የአተር ፍሬ ያህል እየጨመቀ ለሚወስድ ሰው ግን ነገሩ ሁሉ በዚያች ልዩነት ላይ ነው። ዛሬ የደረሰው ትንሽ ይሁን ብዙ በምን ያውቃል? ጥራቱ ለፈረስ ተረጋግጧል ስትሉኝ ተረጋግጧል፣ አምናለሁ። የተረጋገጠው ግን ፈረስ በሚወስደው አወሳሰድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ቀላል ነው። ስሪንጁን ከመደርደሪያ ገዝታችሁ፣ ሰዉ እንደሚያደርገው ጨምቁት። ከጫፉ፣ ከመሃሉ፣ ከመጨረሻው ናሙና ውሰዱ። በክሮማቶግራፊ ለኩት። አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ በአንድ ቀን ሊጨርሰው የሚችል ሥራ ነው። መሣሪያውም አላችሁ፤ የሰውን ኪኒን የምትለኩበት ያው መሣሪያ ነው።

የከብቱ መርፌ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። የተለመደው 1 በመቶ ነው፤ ይህ ማለት በእያንዳንዱ ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ነው። ለ60 ኪሎ ሰው 1.2 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። በማንኪያ የሚጠጣ ሰው ስንት እጥፍ እንደሚሄድ አስቡት። ጀርባ ላይ የሚፈሰው ዓይነት ደግሞ ግማሽ በመቶ ሆኖ ማሟሚያው ሌላ ነው፤ አይሶፕሮፒል አልኮል አለበት። ስሙ አንድ፣ ሦስት ዓይነት ዕቃ፣ ሦስት ዓይነት መጠን። ገዢው የሚያየው ስሙን ብቻ ነው።

ማሟሚያ ካልኩ አይቀር፣ ሁለተኛው ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ሁሉም ስለ ዋናው መድኃኒት ያወራል። አብሮት ስላለው ማን አወራ? መድኃኒት ብቻውን ጠርሙስ ውስጥ አይገባም። የሚያሟሟው፣ የሚያወፍረው፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቀው፣ ለፈረስ እንዲጣፍጥ የሚደረገው አለ። ለሰው መድኃኒት እነዚህ በመጠን የተገደቡ ናቸው። ለእንስሳ የሚመዘኑት ደግሞ በእንስሳው ልክ፣ በእንስሳው አወሳሰድ ነው። ከቆዳ ሥር እንዲወጋ የተሠራ ማሟሚያ በአፍ ሲጠጣ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የተነሳ አላውቅም፤ የታሰበው ሰው እንዲጠጣው አልነበረምና።

ማሟሚያ ሰው ይገድላል። ይህን ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። በ1937 አሜሪካ ውስጥ ሰልፋኒላሚድ የተባለውን መድኃኒት በዳይኤቲሊን ግላይኮል አሟሙተው ሸጡ። መድኃኒቱ ራሱ ደህና ነበር። ከ100 በላይ ሰው የሞተው በማሟሚያው ነው። በ2022 ጋምቢያና ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሕጻናት በሽሮፕ ሲሞቱ የተጠረጠረው ይኸው መርዝና ዘመዱ ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮልን በመሰሉ ማሟሚያዎች ውስጥ ተቀላቅሎ ሊገባ ይችላል። ፕሮፒሊን ግላይኮል የእንስሳት መርፌ ውስጥም በብዛት አለ። ለሰው ሽሮፕ በርሜሉን ፈትሹ ብላችሁ አዛችኋል። ለዚህኛውስ?

ሦስተኛው ስለ ባዕድ ነገር ነው። ትንሽ ቴክኒካዊ ነው፣ ታገሡኝ። መድኃኒት ሲሠራ ሳይፈለግ የሚፈጠር ርዝራዥ ይኖራል። አይቀሬ ነው። ጥያቄው ስንት ድረስ ይፈቀዳል ነው። የሰው መድኃኒትን ደንብ የሚያስማማው አይሲኤች ለአዳዲስ መድኃኒቶች ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ በቀን እስከ 2 ግራም ለሚወሰድ መድኃኒት አንድ ርዝራዥ ከ0.15 በመቶ ካለፈ ጉዳት እንደሌለው በማስረጃ ማሳየት ግድ ነው። የእንስሳቱ አቻው ቪአይሲኤች ደግሞ ይህን ማስረጃ የሚጠይቀው ከ0.50 በመቶ በላይ ሲሆን ነው። ከሦስት እጥፍ በላይ ይሰፋል።

ይህ ማጭበርበር አይደለም። ለእንስሳ በቂ ነው ተብሎ በእውቀት የተወሰነ ነው። ብዙው የእንስሳት መድኃኒት አንዴ ወይም ለጥቂት ቀን ነው የሚሰጠው። ግን ያንን የውሻ መድኃኒት ለወራት በየቀኑ የሚውጥ የካንሰር ሕመምተኛ በዚያ ስሌት ውስጥ የለም። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ሲመጣ ዋናው መድኃኒት ነው ወይስ ርዝራዡ? መልስ የለንም፤ ዕቃው አልተመረመረማ።

“ለእንስሳ ደህንነቱ ተፈትኗል” የሚባለውንም ሰው በደንብ አይረዳውም። በሚታከመው እንስሳ ላይ የሚደረገው ፈተና አብዛኛውን ጊዜ የታዘዘውን መጠን አንድ፣ ሦስትና አምስት እጥፍ ሰጥቶ ማየት ነው። በዚያው እንስሳ ላይ ነው። ከእንስሳ ወደ እንስሳ እንኳ አይሻገርም። ሞኔንሲን ለዶሮና ለከብት መኖ ውስጥ ይገባል፤ ፈረስ ከበላው ይሞታል። አይቨርሜክቲን ለብዙ ውሻ ምንም አይልም። ኮሊ በሚባለው ዝርያ ውስጥ ግን አንጎላቸውን የሚጠብቀው ፕሮቲን በውርስ የጎደላቸው አሉ። እነዚያን መጠኑ ከፍ ካለ ይጥላቸዋል። ቲልሚኮሲን የሚባለው የከብት አንቲባዮቲክ ደግሞ በስህተት ራሳቸውን የወጉ ሰዎችን ገድሏል። ልብን ነው የሚመታው። ማርከሻም የለውም።

ሰዎች ከሥጋና ከወተት ጋር የተያያዘውን ምርመራም እያነሱ ይሞግቱኛል። “ሥጋው ውስጥ ቢቀር ችግር የለውም ተብሏል እኮ!” ይላሉ። አዎ ተብሏል። የተባለው ግን ከብቱ ከታከመ በኋላ የጥበቃው ቀን አልፎ ስለሚቀረው ኢምንት ቅሪት ነው። ያንን ወስዶ ለሙሉ ስሪንጅ ማስረጃ ማድረግ አይሆንም። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ይሰሙኛል። በቁጥር ስለሆነ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ተቃውሞአችሁ። አውቀዋለሁ፤ ስልኩ ላይ የነበረው ወጣት ባለሙያ በትህትና ነግሮኛል። “ብንመረምረው ፈቃድ የሰጠን ይመስላል። ‘አለፈ’ ካልን ሰዉ ይውጠዋል።” ቀላል ተቃውሞ አይደለም። እኔንም እንቅልፍ ነስቶኛል።

ግን ኔዘርላንድስን ተመልከቱ። ከ1992 ጀምሮ ሰው የገዛውን ሕገወጥ አደንዛዥ ዕፅ አምጥቶ ማስመርመር ይችላል። ውጤቱ ይነገረዋል። በጣም አደገኛ ነገር ሲገኝ ለሕዝብ ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ዕፁ ተፈቀደ ያለ የለም። ለአደንዛዥ ዕፅ የተቻለ ነገር በሕጋዊ መንገድ ለሚሸጥ የትል መድኃኒት እንዴት አይቻልም?

ሁሉም ነገር ውጤቱ በሚጻፍበት ቋንቋ ላይ ነው። “አለፈ”፣ “ወደቀ” የሚሉት ቃላት እዚህ ቦታ የላቸውም። የተገኘውን ጻፉ። ይህ ዕቃ በዚህ የምርት ቁጥር፣ ከጫፉ ይህን ያህል፣ ከሥሩ ይህን ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህ ማሟሚያ አለበት፤ ለሰው በአፍ ስለመወሰዱ ማስረጃ የለም። ርዝራዡ ይህን ያህል ነው፤ ለሰው መድኃኒት ቢሆን ማስረጃ ይጠየቅበት ነበር። እንዲህ ያለ ወረቀት ያነበበ ሰው “ተፈቀደልኝ” የሚል አይመስለኝም። ቢያንስ ከሥዕል ፈረስ የተሻለ መረጃ አለው። አዛውንቱ የፈለጉትም ይህንኑ ነበር።

ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ከተገኘስ? ያም ይጻፍ። ከደበቃችሁት አንድ ቀን ሌላ ሰው አስመርምሮ ያወጣዋል፤ ያኔ ስለ መጠኑ የምትሉትን የሚሰማ አይኖርም።

ላቦራቶሪው ሁሉን ያውቃል ማለቴ ግን አይደለም። ንጹህ የሆነ መድኃኒት በመጠን ሲበዛ ያው ይገድላል። ጥራት ማለት ደህንነት አይደለም። ደህንነቱን የምናውቀው የወሰዱት ሰዎች ምን እንደሆኑ ስንሰማ ነው፤ እነሱ ደግሞ አይናገሩም። ያፍራሉ። ፈረስ አይደለህም የተባለ ሰው ለሐኪሙ ምን ብሎ ይጀምር? በአውሮፓ ኅብረት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የእንስሳት መድኃኒት ሕግ በሰው ላይ የደረሰ ጉዳትንም እንዲመዘገብ ያደርጋል። ጥሩ ነው። ሳይቀጣ፣ ሳይሳቅበት “ይህን ወስጄ እንዲህ ሆንኩ” የሚልበት ስልክ በየአገሩ ይኑር። ሐኪሞችም ስትጠይቁ “የእንስሳት መድኃኒት ትወስዳለህ?” አትበሉ፤ አይመልስም። “ለትል ብለህ፣ ወይም ሰው መክሮህ፣ ከቤት የወሰድከው ነገር አለ?” በሉት። ይሄኛው ይሠራል፣ ሞክሬዋለሁ።

ስለ አቀማመጡ ብዙ አልልም። ጎተራ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ መርፌ አሥር ጊዜ የገባበት ጠርሙስ። የምትገዙት ናሙና ግን ከፋብሪካ የመጣ ብቻ እንዳይሆን። ሰው እጅ ላይ የቆየውንም ሰብስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ከ10 የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ እንደሆነ ገምቷል። ያ ለሰው ተብሎ በሚሠራውና በሚጠበቀው ውስጥ ነው።

ማን ይክፈል ትሉኝ ይሆናል። በዓመት ጥቂት ምርቶችን ምረጡ፤ ሰው በብዛት የሚጠይቃቸውን። የመርዝ መረጃ ማዕከላት ዝርዝሩን ይነግሯችኋል። የሰውና የእንስሳት ክፍሎቻችሁ ወጪውን ይካፈሉ። አንድ ሕንጻ ውስጥ ያሉም አሉ፣ ደረጃ መውጣት ብቻ ነው።

አዛውንቱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰው መጡ። “እህ፣ ምን አሉህ?” አሉኝ። የሆነውን ነገርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ስሪንጁን ትተውልኝ ሄዱ። “እንግዲያው አንተ አቆየው፣ የሚመረምር ከተገኘ” ብለው። አዲስ ይግዙ አይግዙ አልጠየቅኳቸውም።

አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ግማሽ ያህል ቀርቶታል። የምርት ቁጥሩ ይነበባል፣ ጊዜውም አላለፈም። ወዴት ልላክላችሁ?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ፋርማሲስት